ወደ ቁልቢ ገብርኤል በመኪና ለሚወርድ ቤተሰብ፤ የማይበላሽ የሦስት ቀን ስንቅ አዘገጃጀት

ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስድስት ሆነን ወደ ቁልቢ ልንወርድ ነው፤ ምን ስንቅ እንያዝ? መንገድ ላይ የማይበላሸው የትኛው ነው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ በቅደም ተከተል ጽፈነዋል። ልኩ የተሠራው ለአራት ትልልቅ ሰዎችና ለሁለት ልጆች ነው። ታኅሣሥ 18 ከንጋቱ በፊት ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ፣ 19ን አክብራችሁ፣ በ20 ትመለሳላችሁ ብለን ነው ያሰላነው። ሰው ከበዛ ወይም ካነሰ በዚያው ልክ አባዙት፣ ቀንሱት።

ከሁሉ በፊት መንገዱን አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። መተሐራና አዋሽ ሰባት ግን 1,000 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ቆላ ናቸው። በብርድ አብስላችሁ የጫናችሁት ምግብ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ ከሙቀቱ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተመልሶ ወደ ጭሮ ደጋ ይወጣል። ምግብ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ በእርጥበትና በሙቀት። ሙቀቱን መቀነስ ስለማትችሉ እርጥበቱን ትቀንሳላችሁ። ስለዚህ ስንቁ የሚበላው በእርጥበቱ ተራ ነው፦ እርጥቡ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል፣ ደረቁ እስከ መመለሻው ይቆያል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ታኅሣሥ 19 የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ (ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው) ዝርዝሩ የጾም ነው። በሐምሌ 19 ለምትሄዱ የሚለወጠውን መጨረሻ ላይ አስቀምጠናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ብርጭቆ ስንል ሩብ ሊትር የሚይዘውን ነው።

የሚበላና የሚጠጣ
- እንጀራ 22፤ 12ቱ ለድርቆሽ፣ 10ሩ ለመጀመሪያው ቀን
- የስንዴ ዱቄት 3 ኪሎ፤ 2ቱ ለሁለት ድፎ ዳቦ፣ 1ዱ ለዳቦ ቆሎ
- የበሶ ዱቄት 1 ኪሎ
- ለቆሎ፦ የተፈተገ ገብስ 1 ኪሎ፣ ሽምብራ ሩብ ኪሎ፣ ለውዝ ሩብ ኪሎ
- ድፍን ምስር ግማሽ ኪሎ
- ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ራስ፣ ቃሪያ ሩብ ኪሎ
- ቲማቲም 1 ኪሎ ተኩል፣ ጠንካራና ገና ያልበሰለ
- ሎሚ 10፣ ብርቱካን 12፣ ሙዝ 12 (ገና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀው)
- የቲማቲም ድልህ አንድ ትንሽ ጣሳ፣ ዘይት 1 ሊትር ተኩል፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ሰናፍጭ፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ እርሾ፣ ሻይ ቅጠል፣ ዝንጅብል
- የሚጠጣ ውኃ፣ ባለ ሁለት ሊትር 12 ጠርሙስ
- ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥ የሚበጠበጠው) 4 ከረጢት

ዕቃ
- አገልግል፣ ከሌለ ሰፊ ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ
- አይስ ቦክስ፤ ከሌለ ወፍራም ካርቶንና አሮጌ ጋቢ
- ባለ አንድ ሊትር ፔርሙዝ 2
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለእጅና ለዕቃ መታጠቢያ
- ጎድጓዳ ሳህን፣ ትሪ፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ማንኪያ፣ 6 ኩባያ
- ግማሽ ሊትር የሚይዙ ባዶ የውኃ ጠርሙሶች 6
- ንጹሕ ጨርቅ 4፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ፌስታል፣ ሰሌን

ጀሪካኑ ዘይት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ፈሳሽ ሳሙና የነበረበት አይሁን። ፕላስቲክ ሽታ ይይዛል፣ በሙቀት ደግሞ መልሶ ይለቀዋል።

አሠራሩ

1. ከአምስት ቀን በፊት ድርቆሹን አድርቁ።

12ቱን እንጀራ የሁለት ጣት ስፋት አድርጋችሁ ቆራርጡና በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። በታኅሣሥ ፀሐይ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ የሌሊቱ ጤዛ ቀን የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። ዝንብና አቧራ እንዳያርፍበት ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ደርቋል የሚባለው ወፍራሙን ቁራጭ ስትሰብሩት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከታጠፈ ገና ነው። መሐሉ ላይ ለስለስ ያለ አንድ ቁራጭ ብቻ ብትተዉ፣ ከታሰረ በኋላ እርጥበቱ ለጎረቤቶቹ ይተላለፋል፤ በሦስተኛው ቀን ከረጢቱን ስትከፍቱ የሻጋታ ሽታ ይቀበላችኋል። በደንብ የደረቀ ግን ለሳምንታት ይቆያል፤ ክብደቱም ከእንጀራው ከግማሽ በታች ስለሚሆን ለጭነት ቀላል ነው።

2. ከሦስት ቀን በፊት ዳቦ ቆሎ ሥሩ።

ለ1 ኪሎ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት አድርጉ። መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በእጅ እሹት፤ ዳቦ ቆሎውን እንደ ድንጋይ እንዳይጠጥር የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኩ። እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውኃው በዝቷል።

ሃያ ደቂቃ አሳርፉትና በትንሽ ጣት ውፍረት እያድቦለቦላችሁ በሽምብራ ልክ ቁረጡት። በመቀስ ከቆረጣችሁት ሥራው ይፈጥናል። በብረት ምጣድ በመካከለኛ እሳት ያለማቋረጥ እያማሰላችሁ ቁሉት፤ ወይም ምድጃ ካላችሁ በ180 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት፣ በየአሥር ደቂቃው አገላብጡት። ለመንገድ በዘይት ባትጠብሱት ይሻላል። የተጠበሰው እጅና ወንበር ያቀባል፣ ሙቀት ሲነካውም ዘይቱ ቶሎ ይኮመጥጣል።

ፍተሻው ቀላል ነው። አንዱን አውጥታችሁ ሲቀዘቅዝ በጥርስ ስበሩት። መሐሉ ነጭና ሊጥ ሊጥ የሚል ከሆነ መልሱት። ትኩሱ ሁልጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ሳይቀዘቅዝ አትፍረዱ። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ እሰሩት።

3. ቆሎውን ቆልታችሁ በየሰው ክፈሉት።

ገብሱን፣ ሽምብራውንና ለውዙን ለየብቻ ቁሉ፤ የመብሰያ ጊዜያቸው አንድ አይደለም፣ አብረው ከገቡ ገብሱ ሳይደርስ ለውዙ ያራል። ሲበርድ ቀላቅሉና 18 ትናንሽ ከረጢት አድርጉት፤ ለስድስት ሰው፣ ለሦስት ቀን። ይህ ገንዘብ የሚቆጥብ ሥራ ነው። አንድ ትልቅ ከረጢት ከተከፈተ አዳማ ሳትደርሱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በየኬላውና በየማደያው ብስኩት ትገዛላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ለውዝና ዳቦ ቆሎ አትስጡ፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ። አንድ መንገጫገጭ ፍሬውን ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ለመክተት ይበቃል። ለእነሱ የዳቦ ልብና ሙዝ ያዙ።

4. በሶውን በደረቁ አዘጋጁ።

በሶ ከሁሉም ስንቅ ርካሹና አስተማማኙ ነው። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስህተቱ ቤት ውስጥ ጭብጦ አድርጎ መያዝ ነው፤ ውኃ የነካው በሶ በቆላ ሙቀት አንድ ቀን እንኳ አይቆይም፣ ይኮመጥጣል። ዱቄቱን በደረቁ ያዙትና በቦታው አቡኩት፦ ለ4 ብርጭቆ በሶ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ብርጭቆ ገደማ ውኃ። ጨውንና በርበሬውን ከቤት ቀላቅላችሁ ውጡ።

ለሚጠጣው ደግሞ በእያንዳንዱ ባዶ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ 4 የሾርባ ማንኪያ በሶና 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙ። ጠርሙሱ ውስጡ ጠብታ ውኃ እንዳይኖረው ከአንድ ቀን በፊት ዘቅዝቃችሁ አድርቁት። መንገድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶ መናጥ ብቻ ነው፤ ማንኪያም ኩባያም አይፈልግም። በስኳር ፋንታ ማር የምታደርጉ ከሆነ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳታቀምሱ፤ ማር ለዚያ ዕድሜ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

5. ከሁለት ቀን በፊት ውኃ አቀዝቅዙ።

ከ12ቱ ጠርሙስ 4ቱን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ከእያንዳንዱ ሦስት ጣት ያህል ውኃ አስቀድማችሁ ቀንሱ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ሞልቶ የገባው ጠርሙስ ይሰነጠቃል። ሁለት ሊትር እስከ ውስጡ ለመርጋት አንድ ሙሉ ቀን ሊፈልግ ይችላል። መብራት ቢጠፋ የምትካካሱበት ጊዜ እንዲኖር ነው ሁለት ቀን ያልነው። እነዚህ ጠርሙሶች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ ቀን ምግቡን ያቀዘቅዛሉ፣ ሲቀልጡ ይጠጣሉ። በረዶ መግዛት አያስፈልግም፣ የቀለጠ በረዶም ምግቡን አያጨቀይም።

6. በመነሻችሁ ዋዜማ (ታኅሣሥ 17) ጠዋት ድፎውን ጋግሩ፣ ስልሱን ሥሩ።

ድፎው ጠዋት የሚጋገረው ሌሊቱን ሙሉ እንዲበርድ ነው። ኮባውን አንሡለት፣ ለመንገድ እርጥበት ይዞ ይቀራል። በጨርቅ ሸፍናችሁ በወንፊት ወይም በሰፌድ ላይ አሳድሩት፣ ከሥሩም አየር ይግባው። ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ከገባ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፌስታሉ ውስጡን ያልበዋል፤ ያ ላብ ተመልሶ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል፣ ብዙም ሳይቆይ ታቹ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታያላችሁ።

ስልሱ ለመጀመሪያው ቀን እራት ነው። 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ያለዘይት አቁላሉ፤ ውኃው ሲመጥ 1 ብርጭቆ ዘይት፣ ከዚያ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው በትንሽ በትንሽ ውኃ አብስሉት፣ ነጭ ሽንኩርቱንና የቲማቲም ድልሁን አክሉ። ትኩስ ቲማቲም አታድርጉ፤ ውኃ ያበዛል፣ እዚህ የምንፈልገው ደግሞ ወፍራም ስልስ ነው። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል። ጨው በመጨረሻ። ሦስት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል።

ስልሱን በድስቱ እንዳለ አታሳድሩት። በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱት፤ በግማሽ ሰዓት ይበርዳል፣ ከዚያ በደረቅ ክዳን ያለው ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ባክቴሪያ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። በድስት ያለ ወፍራም ወጥ ላዩ ቀዝቅዞ እንኳ መሐሉ ለሰዓታት እዚያ ሙቀት ውስጥ ይቆያል።

7. ማታ አዚፋውን ሥሩ፤ ግን አትጨርሱት።

አዚፋ ለመጀመሪያው ቀን ምሳ የተመረጠው ቀዝቃዛውን ስለሚበላ ነው። ሽሮ በመንገድ ይረጋል፣ ክክ ቶሎ ይኮመጥጣል። ምስሩን ሳይፈርስ ቀቅሉና ውኃውን በደንብ አጥልሉት፣ ግማሹን ጨፍልቁት፣ በትሪ አብርዱት። በ1 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ በ3 ሎሚ ጭማቂ፣ በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በጨው ለውሱት። ሽንኩርቱና ቃሪያው እዚህ አይገቡም፤ ሳይከተፉ ይሄዱና በምሳ ሰዓት ይከተፋሉ። ሌሊት ከጨው ጋር ያደረ ሽንኩርት ውኃ ያወጣል፣ ሽታውም መኪናውን ይሞላዋል።

አዚፋውን በሁለት ዕቃ ክፈሉት። ልጆቹና አቅመ ደካሞቹ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይበላሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት ቆይተው ነው የሚበሉት። አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ተከፍቶ፣ ማንኪያ ገብቶበት፣ ሙቀት ጠግቦ ሦስት ሰዓት ይጠብቃቸዋል። የሁለተኛው ዕቃ ክዳን ሰዓቱ እስኪደርስ አይነካ።

8. እንጀራውን አብርዳችሁ ጠቅልሉ።

10ሩ እንጀራ በዋዜማው ከሰዓት በፊት የተጋገረ ይሁን። አንድ በአንድ በሰፌድ ላይ ከበረደ በኋላ ደርድሩና በጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ሌሊት ስትወጡ እያንዳንዱን ጠቅልላችሁ በአገልግሉ ውስጥ ጎን ለጎን አቁሙት። አገልግሉ በስፌቱ አየር ስለሚያስገባ እንጀራውን አያልበውም፤ ከፕላስቲክ ዕቃ የሚበልጠው በዚህ ነው። ከሳምንት በፊት ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ፀሐይ አስመቱት። ያለፈው ዓመት ፍርፋሪ በስፌቱ ውስጥ ከቀረ ሻጋታው ወደ አዲሱ እንጀራ ይዛመታል። ቆላ ላይ እንጀራ ከሁለተኛው ቀን ጠዋት በላይ አይታመንም፤ ከዚያ በኋላ የድርቆሹ ተራ ነው።

9. በሦስት ቦታ አሽጉ።

የእጅ ቦርሳ፦ የቀኑ ቆሎ፣ የበሶ ጠርሙሶች፣ አንዱ ድፎ ተቆርሶ፣ ሙዝ፣ ሶፍት፣ ትርፍ ፌስታል፣ ዝንጅብል። ከወንበር ሥር ትሁን፣ ሳትቆሙ የምትደርሱባት።

አይስ ቦክስ፦ ሁለት የረጋ ጠርሙስ ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ መሐሉ ላይ ስልስና ሁለቱ አዚፋ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ የላይኞቹን አትተዉ። ባዶ ቦታ ካለ በጨርቅ ጠቅጥቁት፤ ባዶ ቦታ ማለት ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚገባ ሙቅ አየር ማለት ነው። አይስ ቦክስ ከሌላችሁ ካርቶኑን በጋቢ ሸፍኑት፣ እላዩንም ደርቡበት። ጋቢ ሰው የሚያሞቀው የራሱን ሙቀት እንዳይወጣ ይዞ ነው፤ ቅዝቃዜንም እንዲሁ ይይዛል።

ካርቶን፦ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀን ቆሎ፣ በሶ፣ ሁለተኛው ድፎ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብርቱካን። አትክልቱንና ፍራፍሬውን ቤት አጥባችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ የታሸገ ቲማቲም በአንድ ቀን ይላላል። ቲማቲሙ ከላይ፣ ሽንኩርቱ ከታች።

የሕፃን ወተት ካለ ዱቄቱን ለብቻው ያዙ፣ ቀድማችሁ አትበጥብጡት። በፔርሙዝ ካለው የፈላ ውኃ በየጊዜው በጥብጣችሁ፣ አብርዳችሁ ስጡ። ሁለት ሰዓት ያለፈውን የጡጦ ትራፊ ድፉት።

10. ጫኑ።

ምግብ ፖርቶ መጋላ ላይ አይወጣም። ከላይ ፀሐዩ፣ ከጎን አቧራው አለ። ነዳጅ፣ ዘይትና ሳሙና ካለበት አጠገብም አታስቀምጡ፤ ዳቦና ድርቆሽ ሽታ እንደ ስፖንጅ ይጠጣሉ። አይስ ቦክሱ ከመስኮት ራቅ ብሎ መሐል ወለል ላይ ይሁን። አንዱን ፔርሙዝ ሻይ፣ ሌላውን የፈላ ውኃ ሙሉት፤ ከመሙላታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ በፈላ ውኃ አሙቁት፣ ሙቀቱን ቀኑን ሙሉ ይዞ ይቆያል። የጋዝ ሲሊንደር በመኪና ውስጥ አትያዙ። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

11. መቆሚያችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የክፍያ መንገድ ላይ ለመብላት መቆም ስለማይቻል፣ ለቁርስ የሚያስፈልገው በእጅ ቦርሳ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። አዳማን አልፋችሁ ጥላ ስታገኙ ዳቦና ሻይ። የልጆቹ ምሳ አዋሽ ሰባት ላይ፣ ከከተማው ሳትወጡ። ከዚያ በፊት መንገዱ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሲያቋርጥ ለመብላት አትቁሙ፤ ዝንጀሮ ምግብ ያየበትን መስኮት አይለቅም፣ ሙዝ የያዘ ልጅ እጅ ላይም ይደርሳል። የቀሩት ሰዎች ምሳ ጭሮ ሲደረስ ይሁን፣ አየሩም ቀዝቀዝ ብሏል።

መተሐራ ላይ ከአዲስ አበባ የተከደነ ባዶ ጠርሙስ ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። ምንም አልሆነም፤ የቆላው የአየር ግፊት ስለሚበልጥ ነው። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። ቆላ ላይ ከፍታችሁ መልሳችሁ ያጠበቃችሁት የወጥ ዕቃ ደጋ ሲደርስ ይነፋና ዘይቱን ያስተፋል። ስለዚህ ከአዋሽ በኋላ ወደ ደጋው ስትወጡ፣ ቆላ ላይ የከፈታችኋቸውን ዕቃዎች ክዳን አንዴ ላላ አድርጋችሁ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ዕቃውንም በፌስታል ውስጥ አቁሙት።

ወደ ጭሮና ሂርና የሚወስደው ዳገትና ጠመዝማዛ የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ዘይት ያለበት አይብላ። ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ያለበት ሻይ ይበቃዋል። ባዶ ሆድም እንደዚያው ያጥወለውላል።

12. በቦታው ሥሩ።

መጀመሪያ እጅ። ጀሪካኑንና ሳሙናውን ከምግቡ በፊት አውርዱ፤ ተቆልፎባችሁ ከሥር ከሆነ ሁሉም «ቆይ፣ በሶፍት እጠርጋለሁ» ይላል፣ ሆድ የሚያመውም ከዚያ ነው።

ለእራት፦ ሦስቱን ብርጭቆ ስልስ በጎድጓዳው ሳህን አድርጉ፣ ከፔርሙዙ ሦስት ብርጭቆ የፈላ ውኃ ጨምራችሁ በጥብጡ፣ የስድስት እንጀራ ድርቆሽ አክሉና በፍጥነት አገላብጣችሁ ለሦስት ደቂቃ ክደኑት። ያለእሳት ሞቅ ያለ ፍርፍር ይሆናል። ድርቆሹን ከውኃው በፊት ካደረጋችሁ የታችኛው ይላቁጣል፣ የላይኛው ይደርቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የአይስ ቦክሱን ጠርሙሶች እዩ። ውስጣቸው ገና በረዶ ካለ ስልሱ ደህና ነው። ሁሉም ቀልጦ ውኃው ለብ ካለ ስልሱን ድፉትና በቲማቲም ፍትፍት ተኩት፤ ሽታ አለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

13. ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን፦ ከዚህ በኋላ የሚበላው ሁሉ ወይ ደረቅ ነው ወይ አሁን የተሠራ።

ቲማቲም ፍትፍት ለዚህ ተስማሚ ነው፤ 6 ቲማቲም፣ 2 ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያ ክተፉ፣ በ3 ሎሚና በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለውሱ፣ ጨው ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ቲማቲሙ በሚያወጣው ውኃ የሦስት እንጀራ ድርቆሽ ይርሳል። በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ሥሩ፤ ለሁለቱ ቀን አንድ አንድ ጊዜ ይደርሳችኋል። የሚቀረው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎና ብርቱካን ነው። የሚጠጣ ውኃ የመጀመሪያው ቀን ሙቀት ብዙውን ይጨርሰዋል፤ ለመመለሻው ከመነሣታችሁ በፊት ለአንድ ትልቅ ሰው 3 ሊትር አስባችሁ ሙሉ። ባለ ግማሽ ሊትር ሳይሆን ባለ ሁለት ሊትር ግዙ፣ በሊትር ሲሰላ ይረክሳል።

ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ደም ካያችሁበት፣ ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሩዝና ፓስታ መያዝ። ርካሽና ቀላል ይመስላል፣ ግን ከበሰለ በኋላ ለብ ብሎ የዋለ ሩዝ የሚያስታውክ መርዝ ያበጃል፤ ያንን መርዝ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም።

«እሳት ሲነካው ይድናል» ብሎ ያደረ ወጥ ማፍላት። ምክንያቱ እንደ ሩዙ ነው። የበሰለ እርጥብ ምግብ ያለበረዶ ሁለት ሰዓት፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

የተረፈን ወደ ዕቃው መመለስ። እጅ የገባበት ምግብ ከንጹሑ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ይበላሻሉ። በትሪው ላይ ትንሽ ትንሽ አውጡ፣ ሲያልቅ ጨምሩ።

ሙዝን ከካርቶኑ ሥር መክተት። ይጨፈለቃል፤ የበሰለ ሙዝ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ቲማቲም ያበስላል።

በሐምሌ 19 ለሚሄዱ

ሐምሌ 19 ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በስተቀር ፍስክ ነው። ሁለት ነገር ይለወጣል፤ አየሩና ምግቡ። አዲስ አበባ ክረምት ስለሆነ ድርቆሽ በፀሐይ አይደርቅም። እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ እሳቱን አጥፍታችሁ የተቆረጠውን እንጀራ በለብታው ምጣድ ላይ ዘርጉት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ፤ በሦስት ወይም በአራት ዙር ይደርቃል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም የክረምቱን እርጥበት ስለሚስብ በጨርቅ ከረጢት ሳይሆን በደንብ በሚገጥም ጣሳ ይሁን።

ከምግቡ፣ በሶው ጭኮ ይሆናል፦ ለ4 ብርጭቆ በሶ 1 ብርጭቆ የቀለጠ ንጥር ቅቤና ጨው፣ ያለ አንድ ጠብታ ውኃ። ውኃ ስለሌለው ሦስቱንም ቀን ይቆያል፤ ቆላ ላይ ቅቤው ስለሚቀልጥ ግን በክዳን ዕቃ እንጂ በወረቀት አትጠቅልሉት። ድርቆሹ ላይ ቋንጣ መጨመር ትችላላችሁ። ቋንጣው እንደ እንጨት የሚሰበር ይሁን፤ ከታጠፈ ውስጡ ጥሬ ሥጋ ነው። ቤት በስልሱ ውስጥ በደንብ ይንተክተክ፣ በቦታው በፔርሙዝ ውኃ ብቻ አታልስልሱት። የተቀቀለ እንቁላል ከያዛችሁ ከነቅርፊቱ አይስ ቦክስ ውስጥ ይሁን፣ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ይለቅ። ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን ቤት ብሉት።